«ኧረ ይሙላ!»፦ የስልክ ቻርጅ ሥርዓት በከተማ ቤተሰብ ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለጆን ጉድኢነፍ፣ ለስታንሊ ዊቲንግሃምና ለአኪራ ዮሺኖ። ያሸለማቸው ዛሬ በየኪሳችን የሚሞቀው የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ጉድኢነፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ስለነበር በሽልማቱ ታሪክ ከሁሉም አረጋዊው ተሸላሚ ሆኑ። ኮሚቴው የባትሪውን ውስጥ በሚገባ መርምሯል። አንድ ሶኬት ብቻ ባለው ሳሎን ውስጥ አምስት ስልክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ፍሪጅ ሲጋፉ ባትሪው ምን እንደሚደርስበት ግን አላየም። ይህ ጥናት የተጻፈው ኮሚቴው ከተወበት ለመቀጠል ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በምልከታ ነው። የምልከታው ሥፍራዎች ሳሎኖች፣ ካፌዎች፣ የለቅሶ ድንኳኖች፣ ሀገር አቋራጭ አውቶቡሶችና አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ናቸው። የናሙናው ብዛት አልተገለጸም፤ አብዛኛው ናሙና የአጥኚው ዘመድ ሲሆን ዘመድ መቁጠር ነውር ነው። ቃለ መጠይቅም ተሞክሮ ነበር። ሆኖም ተጠያቂዎቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አጥኚው የራሱን ስልክ ነቅሎ የነሱን እንዲሰካላቸው ቅድመ ሁኔታ ስላቀረቡ፣ መረጃው ከጥቅም ግጭት ነጻ አይደለም ተብሎ ተጥሏል።

የባለሙያዎቹ አቋም ግልጽ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሙቀትንና ጽንፍን አይወድም። ቻርጁ ከ20 ፐርሰንት በታች ባይወርድ፣ ከ80 በላይ ባይወጣ ዕድሜው ይረዝማል። ስልኩ ሲሰካ የሊቲየም አዮኖች ከአንዱ ወገን ተነሥተው በሌላው ወገን ባሉት የግራፋይት ንጣፎች መካከል ይሰገሰጋሉ። ይህን በሚኒባስ ታክሲ ማስረዳት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ሮጠው ገብተው ደስ ያላቸው ቦታ ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ግን የሚገቡት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ፣ ዘንቢል ተነሥቶ፣ ጉልበት ታጥፎ ነው። ስልኩም እስከ 80 አካባቢ ፈጥኖ ሄዶ ከዚያ በኋላ የሚንቀራፈፈው በዚሁ ምክንያት ነው። የባትሪው ቮልቴጅ 4.2 አካባቢ ሲደርስ፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ እየቀነሰ እንዲሄድ ይደረጋል። እስከ አፉ ሞልቶ ለብዙ ሰዓት መቆየት፣ በተለይ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ባትሪውን ከውስጥ ያስረጀዋል።

ስልክ ሠሪዎቹ ይህን አይተው «80 ላይ ይቁም» የሚል ማዘዣ በስልኮቻቸው ውስጥ አኑረዋል። አይፎን ከ15 ጀምሮ አለው፤ ሳምሰንግም አለው። በምልከታው ወቅት ይህን ማዘዣ አብርቶ የተገኘው አንድ ወጣት ኢንጂነር ነው። ማታ ተሰክቶ ያደረ ስልክ ጠዋት 80 ላይ ሲገኝ እናቱ ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። መጀመሪያ ቻርጀሩን ቀየሩለት። ቀጥሎ ሶኬቱን። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ስልክ ታሟል» ብለው ጥገና ቤት ላኩት። ኢንጂነሩ ስለ ቮልቴጅ ለማስረዳት የሞከረ ሲሆን እናቱ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «እና ለምን አይሞላም?» ብለዋል።

ዋናው ግኝት ከዚህ ይጀምራል። ስልክን ቻርጅ ማድረግ በኛ ዘንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ሳይሆን የመስተንግዶ ዘርፍ ነው። ለማስረጃ፣ አንድ እንግዳ ስልኩን ነቅሎ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ የተመዘገበው ንግግር እንደሚከተለው ቀርቧል።

«ወዴት ነው? አልሞላም እኮ!»

«በቃኝ እትዬ፣ 80 ደርሷል።»

«80 ምን ይሠራልሃል? መንገድ ላይ ሊዘጋብህ!»

«ኧረ ቤቴ እዚሁ ነው።»

«በሞቴ! ቡናው እስኪፈላ ብቻ።»

ቶናው ተጠጣ፤ ስልኩ 91 ሆነ። እንግዳው አሁንም ተነሣ። «እንግዲህ ዘጠኝ ለቀረው ነገር፣ ኧረ ይሙላ!» ተባለ። በረካው ሲቀዳ 100 ሞላ፤ እትዬም በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ ስልኩን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «አሁን ሂድ» ብለው ሰጡት። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእንግዳ ክብር ሲባል በ11 ፐርሰንት የተነቀለው የልጃቸው ስልክ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጅቱ አልተናገረችም። ፊቷ ግን ተመዝግቧል።

የሶኬት ይዞታ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ይዞታ በሰፊው ይደነግጋል፤ የሳሎን ሶኬትን ግን ለይቶ አያነሣም። ይህን ባዶ ቦታ ልማድ ሞልቶታል።

በልማዱ መሠረት መነሻው «ቀድሞ የሰካ» ነው። ቀድሞ የሰካ ሰው ሙሉ መብት ያለው ይመስላል፤ አንድ ሰው ከጓዳ ብቅ ብሎ «ስንት ደርሷል?» እስኪል ድረስ። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መጥሪያ ነው። 30 ያለ ሰው ይከራከራል። 64 ያለ ሰው ክርክሩን ሳይጀምር ተሸንፏል። ልጆች ስልካቸውን ሶኬት አጠገብ በፊቱ ደፍተው የሚያስቀምጡት ስክሪኑ እንዳይቧጠጥ ይመስለን ነበር፤ ስክሪን ግን የሚቧጠጠው ሲደፋ ነው። የሚደብቁት ቁጥሩን ነው።

የአባት ስልክ ከዚህ ሥርዓት ውጪ ነው። በቀን ሁለት ሰው ቢደውልለትም፣ አንዱ ተሳስቶ የደወለ ቢሆንም፣ ቅድሚያ አለው። ጠዋት መንገድ ያለበት ሰውም ቅድሚያ አለው፤ በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ቤቶች ሁሉም ሰው ጠዋት መንገድ እንዳለበት ማታ ማታ ያስታውቃል።

የሌላን ሰው ስልክ መንቀል የሚፈቀድ ሲሆን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቂያውም «የማን ነው ይሄ? ነቅዬዋለሁ!» የሚል ነው። ልብ ይሏል፤ ሐረጉ የሚነገረው ከተነቀለ በኋላ ነው፤ የሚነገረውም ባለቤቱ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ ነው። የተነቀለበት ሰው ካሳ መጠየቅ አይችልም፤ «ስንት ላይ ነው የነቀልሽብኝ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያምን መቅረት ግን መብቱ ነው።

ዲቫይደር ሲመጣ ሁሉ ነገር ይፈታል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ዲቫይደሩ አራት ቀዳዳ አለው። አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የዲሹ፣ አንዱ የፍሪጁ ነው፤ አራተኛው ሌላ ዲቫይደር ተሰክቶበታል። በሁለተኛው ዲቫይደር ላይ ከሚገኙት ቀዳዳዎች መካከል የሚሠራው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ አባል አለ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። ምጣድ በሚጣድበት ቀን ደግሞ ሕጉ በሙሉ ታግዶ ይውላል፤ ያን ቀን የሚሰካ ስልክ የለም፤ የሚሰካ ካለም የቤቱ ብሬከር ይወርዳል፤ ጥፋተኛው ስልኩ ይሆናል።

በጥናቱ ከተመዘገቡት ጉዳቶች ሁሉ አንጀት የሚበላው ያለ ተከራካሪ የሚደርሰው ነው። ሶኬቱ ላልቷል። ቻርጀሩ እንዲይዝ በታጠፈ ወረቀት ተወትፏል፤ ገመዱ በሶፋው ክንድ ላይ ዞሮ፣ መዝገበ ቃላት ተጭኖበት፣ በተወሰነ ማዕዘን ብቻ ይሠራል። «እንዳትነኩት! በስንት መከራ ነው የያዘው» ተብሎ ሁሉም ይተኛል። ሌሊት ድመት ታልፋለች። ጠዋት ስልኩ 4 ነው። አለዚያም ሁሉም ነገር በትክክል ተሰክቶ አድሯል፤ የዲቫይደሩ ማብሪያ ብቻ አልበራም።

ታሪካዊ ዳራ

ከስልክ በፊት ሬዲዮ ነበር። በሬዲዮ ዘመን ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አይጣልም፤ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ አለዚያም በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል። ይህን አጉል እምነት ነው የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ነቃ ስለሚል ማታ አንድ ዜና ሊያሰማ ይችላል። ችግሩ የመጣው ዕውቀቱ ሳይታደስ ወደ ሊቲየም ሲወረስ ነው። ለሊቲየም ሙቀት መድኃኒት ሳይሆን በሽታው ነው። አፕል ስልኮቹ ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ አየር ውስጥ አገልግሎት እንዳይሰጡ ይመክራል። በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ሾፌሮች ስልካቸውን ከመስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ካርታ እያበሩ፣ እንደተሰካም ሲያውሉት ለሚያይ ተመራማሪ፣ የባትሪ እርጅናን ለማጥናት ሌላ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የኖኪያ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 አናቱ ላይ መብራት፣ ጀርባው ላይ ቢኤል 5ሲ የሚባለውን ባትሪ ይዞ ነበር። ባትሪው አንድ ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይዞ ቀናት ይቆያል። ሲያስቸግር ተነቅሎ፣ በጃኬት እጅጌ ተጠርጎ፣ ይመለሳል። ዛሬ አምስት ሺህ የያዘ ስልክ ማታ ላይ ቀይ ያበራል። በሥነ ጽሑፉ ይህ ዕድገት ይባላል።

የኖኪያ ዘመን ሕዝቡን ቀጭን ቻርጀር ያለውና ወፍራም ቻርጀር ያለው በሚል ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቢሮ ውስጥ ሲሠሩ እንኳ አይረዳዱም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ታይፕ ሲ እንዲሆኑ ማስገደዱ ለችግሩ እልባት እንደሰጠ ይነገራል። በጥናቱ ቤቶች መሳቢያ ሲከፈት ግን ሁሉም ትውልድ እዚያው ተጠላልፎ ይገኛል፤ አንዱም ለሚፈለገው ስልክ አይሆንም፤ አንዱም አይጣልም። ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች የተዉት ባለ ጠፍጣፋ ጥርሱ ቻርጀርም እዚያው አለ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የኛን 220 ያለ ችግር ይችላል፤ ችግሩ ቀዳዳው ውስጥ አለመግባቱ ብቻ ነው።

የሻጮች ምክርም በታሪክ ክፍል ውስጥ ይመደባል። አዲስ ስልክ የሚሸጥ ሰው እስከ ዛሬ «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሳይነቀል ቻርጅ አድርጊው፤ ከዚያ ጨርሶ እስኪዘጋ ተጠቀሚበት» ይላል። ምክሩ በዘመኑ ትክክል ነበር። የቀድሞዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች በግማሽ መሙላት ከለመዱ ግማሹን እንደ ሙሉ የማስታወስ ጠባይ ነበራቸው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሊቲየም አዮን ይህ ጠባይ አያስቸግረውም፤ ጨርሶ እስኪዘጋ መጠበቅም ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ባትሪው ትዝታውን ከተወ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሻጩ ግን ያስታውሳል።

የፍጆታ ትንተና

የስልክን ቻርጅ የሚጨርሰው ስክሪኑ ነው፤ ቪዲዮው ነው፤ ጌሙ ነው ይባላል። ልክ ነው። በኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጭነት አለ፤ እሱም ሰላምታ ነው። ሁለት ፐርሰንት የቀረው ሰው ለመደወል ሲወስን የሚከተለው ይሆናል፦

«ሃሎ! ስማኝ ልጄ፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ልንገርህ።»

«አቤት ጋሼ! ደህና ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ልጆቹስ? ያቺ ትንሿ ያማት ነበር…»

«ተሽሏታል ጋሼ። እርስዎስ፣ ወገብዎን ተሻለዎት?»

«ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። እትዬስ እንዴት ናት? አደራ ሰላም በልልኝ። እናልህ የደወልኩት ምን መሰለህ፣ ነገ ጠዋት እንዳትሄድ፣ እዚያ ቦታ…»

ጥሪው እዚህ ላይ ተቋረጠ። ከሁለቱ ፐርሰንት ውስጥ ለጉዳዩ የተመደበው ስንት እንደሆነ ማስላት ለአንባቢ ተትቷል። ሰላምታውን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ለጋሼ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፤ «ታዲያ ሰላም ሳልለው ጉዳይ ልንገረው?» ሲሉ መልሰዋል። የወንድማቸው ልጅ በማግሥቱ ሄደ፤ የት እንዳትሄድ እንደተባለ ስላልሰማ የሄደበት ቦታ ያ ይሁን ሌላ እስካሁን አልተጣራም።

የቁጠባ ሥርዓቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከቁጠባ ይልቅ ወደ ጸሎት ያደላሉ። አንዱ የተከፈቱትን አፖች በየአምስት ደቂቃው በአውራ ጣት እየገፉ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌደሪጊ ይህ ለባትሪ ዕድሜ ያስፈልግ እንደሆነ በአንድ ተጠቃሚ ተጠይቀው አያስፈልግም ሲሉ መልሰዋል፤ የተዘጋውን አፕ እንደገና ከዜሮ ማስነሣት እንዲያውም የበለጠ ሊበላ ይችላል። ምላሹ በጥናቱ ቤቶች ሲነበብ ያስከተለው ለውጥ የለም። ሌላው የስክሪኑን ብርሃን ማጥበብ ነው። ይህኛው በእርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን አንዳንዶች ከማጥበባቸው የተነሣ የሚያነቡት ነገር ሲጠፋቸው የስልኩን መብራት አብርተው ሲፈልጉ ተስተውለዋል። ስልኩን «ትንሽ ይረፍ» ብሎ አጥፍቶ፣ ማረፉን ለማየት በየአሥር ደቂቃው መክፈትም አለ።

የሚያስገርመው ግን ብዙ የሚበላው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው መሆኑ ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልክ ማማውን ለማግኘት የሚለቀውን ኃይል ይጨምራል፤ ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጎጃም በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ በኪስ ተቀምጦ ምንም ያልሠራ ስልክ ዓባይ በረሃን ሲሻገር እጅግ ጎድሎ ይገኛል። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ ማድረግ ይህን ይከላከላል። በአውቶቡስ ላይ የተጠየቁ መንገደኞች ግን እንዲህ ማድረግ ተገቢ እንዳልሆነ ያምናሉ፤ ምክንያቱም «ቤተሰብ ደርሰህ ይሆን ብሎ ቢደውልስ?» ይላሉ። ቤተሰቡ እየደወለ ነው። ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

የቆጣሪው ጥያቄ

በጥናቱ ቤቶች የቤቱ ትልቅ ሰው ማታ ሲዞሩ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «ቻርጀሩን ንቀሉት፣ ቆጣሪው እየዞረ ነው።» ቆጣሪው ካርድ የሚሞላ ዲጂታል ሆኖ መዞር ካቆመ ሰንብቷል፤ ይህ አባባሉን አላስቀየረውም። አጥኚው ጉዳዩን በስሌት ለመዳኘት ሞክሯል። አምስት ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑ ከባዶ እስከ ሙሉ ቢሞላ በዓመት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይገባዋል፤ በሙቀት የሚባክነው ተጨምሮ 10 ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። እንግዲህ የአንድ ሰው የዓመት ቻርጅ በሦስት ሰዓት ጋገራ ያልቃል። ስሌቱ ለቤቱ ትልቅ ሰው ቀርቦላቸው በጥሞና ካዩት በኋላ «ታዲያ እንጀራ ይበላል፤ ስልክ ይበላል?» ብለዋል። ለዚህ መከራከሪያ በፊዚክስ መልስ አልተገኘም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በአንዲት ሰከንድ 1,430 ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ ይህም ከ70 ሺህ በላይ የስልክ ባትሪዎችን ከባዶ እስከ ሙሉ የሚሞላ ነው። የሀገሪቱ የቻርጅ ጥያቄ ከምንጩ አንጻር ሲታይ በዚህ ተመልሷል። የቀረው ከጉባ እስከ ሳሎኑ ያለው መንገድ ነው፤ በተለይም ከመጨረሻዋ ምሰሶ አንሥቶ በወረቀት እስከተወተፈው ሶኬት ያለው።

ከ20 እስከ 80 ስለሚለው ምክር መፍረድ የሚቻለውም እዚህ ላይ ነው። ምክሩ በኬሚስትሪ እንከን የለበትም። ነገር ግን ሳይናገረው የያዘው አንድ ግምት አለ፤ ነገም ሲሰኩት መብራት ይኖራል። ምክሩ የሚያስበው ባትሪው ሦስት ዓመት እንዲቆይ ነው፤ እትዬ የሚያስቡት ስልኩ ነገ ማታ እንዳይዘጋ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ እስከ 100 የሚሞላ ሰው ባትሪውን እያስረጀ መሆኑ እውነት ነው። 80 ላይ አቁሞ የተኛውና ለሁለት ቀን መብራት የጠፋበት ሰው ግን በወጣት ባትሪ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ጥናት እይታ የኢንጂነሩ እናት ከልጃቸው የተሻለ የአደጋ ስሌት ሠርተዋል፤ ጥገና ቤት መላካቸው ብቻ ትንሽ የበዛ ነበር።

ለጥገና ሲባል ኃይል ይቋረጣል የሚል ማስታወቂያ ሲነገር የሚሆነውን ማየት ይህን ያጠናክራል። ማታውኑ ስልኮች፣ ፓወር ባንኮች፣ የሚሞሉ አምፖሎች፣ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ስልክ ጭምር ይሰካሉ። ጎረቤትም የራሱ ቤት ሶኬት እያለው አንድ ፓወር ባንክ ይዞ ይመጣል። ማስታወቂያው ተነግሮ መብራቱ ሳይጠፋ የዋለ እንደሆነ ቤተሰቡ አይደሰትም፤ እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ «ለምን ነው ታዲያ ያስለፉን?» ይባላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮሃሉ፤ በዚያች ቅጽበት በሳሎኑ ውስጥ ያለው ይዞታ ሁሉ ፈርሶ ድርሻው እንደ አዲስ ይደለደላል።

ባትሪን በእውነት ሲያስተዳድሩ የተገኙት መብራት ካልደረሰበት ገጠር የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ስልካቸውን በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዘው መጥተው፣ ብር ከፍለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበት ከሌሎች ስልኮች ጎን ይሰኩታል። ቤታቸው ሲመለሱ አጥፍተው ያስቀምጡታል፤ ማታ በቀጠሮ ሰዓት ይከፍቱታል፤ ጉዳያቸውን ይናገራሉ፤ ይዘጉታል። ስለ 20 እና 80 የሰሙት ነገር የለም።

የገበያ ዋጋና ማኅበራዊ ጥቅም

ያገለገለ አይፎን ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው «ባትሪ ሄልዙ ስንት ነው?» የሚል ነው። አፕል እስከ 14 ድረስ ያሉት አይፎኖች ባትሪ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም የመጀመሪያ አቅሙን 80 ከመቶ እንዲይዝ ተሠርቷል ይላል፤ ከ15 ጀምሮ 1000 ጊዜ። ሻጩ በበኩሉ የሚለው «89 ነው፣ ሴት ልጅ ነው የያዘችው» ነው። ሁለቱ መግለጫዎች እኩል ሳይንሳዊ ክብደት እንዳላቸው ገበያው ያምናል። አበጥ ብሎ ስክሪኑን ያነሣ ባትሪ በላስቲክ ታስሮ አገልግሎት የሚሰጥበት ስልክም በጥገና ቤቱ ታይቷል። ጠጋኙ እጁን ሳይዘረጋ በዓይኑ ብቻ መርምሮ «ይሄን ነገር ቤት ይዘህ እንዳትተኛ» አለ፤ በጥናቱ ውስጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ያለ ምንም ማሻሻያ የሚጸድቀው ይህ ነው።

በመጨረሻ የተፈተሸው የሞተ ባትሪ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ነው። «ስልኬ ዘግቶ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በቻርጅ ዘመን ከተፈጠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ብዙ ያገለገለው ሳይሆን አይቀርም። ዕቁብ የሚጣልበት ቀን ባትሪ ቶሎ የማለቅ ጠባይ አለው። አለቃ ቅዳሜ ሲደውልም እንዲሁ። ምክንያቱ በኬሚስትሪ አልተደረሰበትም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሰበቡ አዲስ ክፍል አግኝቷል። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ከሞተ ገንዘቡም አብሮ ሞቷል። ካፌ ውስጥ ሦስት ሰው በልቶ ጠጥቶ ሂሳብ ሲመጣ፣ ከሦስቱ አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ ጥቁሩን ስክሪን ለሁሉም በዝግታ ያሳያል። «አየህ አይደል፣ አሁን እኮ ነው የዘጋው።» ሌሎቹ ሁለቱ ይከፍላሉ። ዘዴው ለጥቂት ጊዜ ሠርቷል።

ካፌዎቹ ቀድመው ነቁ። በጥናቱ በታዩት ካፌዎች ካሸሯ ከባንኮኒው ሥር አንድ መሳቢያ አላት፤ በውስጡ ታይፕ ሲ አለ፣ የአይፎኑ አለ፣ ቀጭኑ የኖኪያ እንኳ አለ። «የትኛው ነው የእርስዎ?» ትላለች በትሕትና። ሶኬቱ ጠበቅ ያለ ነው፤ ማብሪያውም በርቷል። ጨርሶ የሞተ ስልክ ለመነሣት ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ባለቤቱ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚከብደው አንድ ማኪያቶ ያዛል። ሂሳቡ እንደገና ይደመራል።